ከባዮሎጂ ተመርቄ ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ሳመለክት

ደስ ያለኝን ነገር ላካፍላችሁ። ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ አመልክቼ ተቀብለውኛል። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ባዮሎጂ ነው። ቅበላው ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ዋናውን ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም (መረጃ የማደራጃና ችግር በደረጃ የመፍቻ ዘዴዎች) ወስጄ ጥሩ ውጤት ማምጣት ይጠበቅብኛል። እሱን ደግሞ በደስታ እወስዳለሁ። እዚህ ባሕር ዳር ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ስታቲስቲክስ ተምራችሁ ወደዚህ መስክ መሻገር የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ በግል ጠይቃችሁኛል። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

አጀማመሬን ባጭሩ ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተምሬ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የጀመርኩት ለመመረቂያ ጽሑፌ የሰበሰብኩትን ዳታ በኤክሴል ማስተካከል ሲታክተኝ ነው። ሃርቫርድ በነፃ የሚሰጠውን የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ ሲኤስ50ን፣ ጨረስኩ። ከኤምአይቲ ነፃ ትምህርቶች ደግሞ ዲስክሪት ማቲማቲክሱን (ለኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት የሆነውን ሒሳብ) እና አልጎሪዝሙን ያዝኩ። ቪዲዮውን በሌሊት ፓኬጅ አወርዳለሁ፣ መብራት ሲጠፋ በወረቀት እሠራለሁ። ይሄ የሁላችንም ታሪክ ስለሆነ አልቆይበትም።

የት እንደሚያመለክቱ መምረጥ ግን ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነገር ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከመጀመሪያውም ለእኛ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ኤምሲአይቲ እና የኖርዝኢስተርን አላይን የሚባሉት ኮምፒውተር ሳይንስ ላልተማሩ ሰዎች የተከፈቱ ናቸው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ከሌላ መስክ ለሚመጡ የታሰቡ ማስተርሶች አሉ። የጆርጂያ ቴክ የኦንላይን ማስተርስ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሰጠ ነው፤ ጠቅላላ ክፍያው ከ10,000 ዶላር በታች ነው፣ ከሌላ መስክ የመጣም ብቃቱን ካሳየ ይቀበላል። የኮሎራዶ ቦልደር የኦንላይን ማስተርስ ደግሞ ትራንስክሪፕት ሳይጠይቅ፣ የመግቢያ ኮርሶቹን በጥሩ ውጤት ያለፈውን ያስገባል። አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ገንዘብ ነው፤ ደመወዝና የትምህርት ክፍያ የሚሸፈንለት በብዛት ፒኤችዲ ተማሪ ነው። አገር ውስጥ ለምታመለክቱ፣ የትምህርት ሚኒስቴርን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለውን፣ ማለፍ ያስፈልጋል። ከዚያ የየዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ቃል በቃል አንብቡ። «ተዛማጅ መስክ» የሚለው ሐረግ ማንን እንደሚያካትት በአካል ሄዳችሁ ትምህርት ክፍሉን ጠይቁ። በወሬ አትመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከባዮሎጂ የመጣ ሰው የሚጎድለው ኮድ ይመስለዋል፤ እኔም ስጀምር ጓደኞቼ የሚመክሩኝ «ኮድ ልመጂ» ብለው ነው። የሚጎድለን ግን ማረጋገጫ ነው። ፕሩፍ። አንድ ነገር ሁልጊዜ እንደሚሠራ በምክንያት ማሳየት። እኔ ይሄን የተማርኩት ከአንድ ችግር ጋር ረጅም ጊዜ ታግዬ ነው።

ችግሩ የመጣው ከጣና ነው። እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረም ሐይቁ ላይ መታየቱ የተመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በብዛት የተስፋፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ሴንቲኔል-2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ሐይቁን በየ5 ቀኑ አካባቢ ያነሱታል። ምስሉ በነፃ ይወርዳል። አንዱ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን በብዛት ይመልሳል፣ ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል። ውሃ ግን ኢንፍራሬዱን ይውጠዋል። የሁለቱ ብርሃኖች ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ኤንዲቪአይ የሚባለው ቁጥር ይገኛል። ከፍ ያለ ቁጥር ለምለም ተክል ነው፣ ዝቅ ያለው ውሃ።

እዚህ ላይ ባዮሎጂዬ ጠቀመኝ። ደንገልም አረንጓዴ ነው። የፎገራ ሩዝም አረንጓዴ ነው። ደንገል ሥር ሰድዶ አንድ ቦታ ይቆማል፤ እምቦጭ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ በተለያዩ ቀናት የተነሱ ምስሎችን አወዳድሬ የሚንቀሳቀሰውን መለየት እንዳለብኝ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ይሄን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከመጽሐፍ አያገኘውም።

የፈለግሁት ግን የአረንጓዴ ፒክስል ብዛት ብቻ አልነበረም። ስንት የተለያየ የእምቦጭ ምንጣፍ አለ? የእያንዳንዱስ ስፋት ስንት ነው? ይሄን ለማወቅ አጠገብ ላጠገብ ያሉ አረንጓዴ ፒክስሎችን አንድ ላይ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ አረንጓዴ ፒክስል ላይ ቆመህ ምልክት ታደርግበታለህ። ከዚያ አራቱን ጎረቤቶቹን ታያለህ፦ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። አረንጓዴ ሆኖ ምልክት የሌለው ካለ ወደ እሱ ሄደህ ያንኑ ትደግማለህ። ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል)፣ ሪከርሽን ማለት ነው። በጣም አጭር ኮድ ነው፤ ስጽፈው ውበቱ ደስ አለኝ።

በትንሽ ምስል ላይ ሠራ። ትልቁን የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ምስል ስሰጠው ሪከርሽን ኤረር ብሎ ቆመ። ፓይተን አንድ ፈንክሽን ራሱን በላይ በላዩ እንዲጠራ በተለምዶ የሚፈቅደው 1,000 ጊዜ ያህል ነው። አሁን አስሉት። አንድ ፒክስል 100 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሄክታር 100 ፒክስል ይሆናል። እንግዲህ 10 ሄክታር የሸፈነ ምንጣፍ 1,000 ፒክስል አለው፤ ጥሪውም እስከዚያ ድረስ ሊደራረብ ይችላል። የእምቦጭ ምንጣፍ ደግሞ 10 ሄክታር ላይ አይቆምም። ኢንተርኔት ላይ የሚመከረው ገደቡን ከፍ ማድረግ ነው። ከፍ ሲደረግ ፕሮግራሙ ምንም መልእክት ሳይሰጥ ዝም ብሎ ሊጠፋ ይችላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጥሪ ሚሞሪ ላይ ቦታ ይዞ የውስጠኛውን መልስ ይጠብቃል፣ ቦታው ሲያልቅ ሁሉም ይወድቃል።

መፍትሔው ሪከርሽኑን መተው ነው። የሚጎበኙትን ፒክስሎች ራሴ በዝርዝር እይዛለሁ፤ መጀመሪያ መነሻውን ምልክት አድርጌ አስገባለሁ። ከዝርዝሩ አንዱን አወጣለሁ፣ ጎረቤቶቹን አያለሁ፣ አዲስ አረንጓዴ ካገኘሁ ምልክት አድርጌ ዝርዝሩ ውስጥ እጨምራለሁ። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን አንዱ ምንጣፍ አለቀ። ምልክቱ የሚደረገው ሲገባ ነው፤ ሲወጣ ከሆነ አንዱ ፒክስል ከተለያየ አቅጣጫ ተደጋግሞ ይገባና ዝርዝሩ ያለ ምክንያት ያብጣል። ሠራ። ትልቁን ምስል ያለ ችግር ጨረሰው።

ያሳየሁት ትምህርት ቤታችን ለነበሩ፣ አሁን ጡረታ ለወጡ የሒሳብ መምህር ነው። ሐይቁ ዳር ሻይ የሚጠጡበት ቦታ አላቸው። እኔ ካርታውን እያሳየሁ ሳወራ ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ አንድም ፒክስል እንዳልዘለለ በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ካርታው ላይ እኮ ይታያል።»

«ይሄኛው ካርታ ላይ ይታያል። የነገውስ? ደግሞስ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ እንደሚያልቅ በምን አወቅሽ?»

መልስ አልነበረኝም። ናፕኪን ላይ እንድጽፈው አስጀመሩኝና ቤቴ ሄጄ እንድጨርሰው ላኩኝ። ብዙ ምሽት ወሰደብኝ። ባዮሎጂ ውስጥ ናሙና እንወስዳለን፣ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ እናምናለን። ይሄ ግን ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ነው፤ ጭንቅላቴ እስኪለምደው በጣም ከበደኝ። በመጨረሻ የደረስኩበት ይሄ ነው።

ማለቁ ቀላሉ ነው። አንድ ፒክስል ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲገባ ምልክት ስለሚደረግበት ተመልሶ አይገባም። የምስሉ ፒክስሎች ብዛት የተወሰነ ነው። በየዙሩ አንድ ይወጣል። ስለዚህ ዝርዝሩ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። የሚፈጀው ጊዜም ከፒክስሎቹ ብዛት ጋር እኩል ያድጋል፤ ምስሉ እጥፍ ሲሆን ሥራውም እጥፍ ነው።

አለመዝለሉ የሚረጋገጠው በኢንዳክሽን ነው፤ ለመነሻው እውነት መሆኑን፣ ከዚያ ከአንዱ እርምጃ ወደ ቀጣዩ እንደሚተላለፍ በማሳየት። ከመነሻው በ0 እርምጃ ያለው መነሻው ራሱ ነው፤ እሱ ምልክት አለው። አሁን እስከ ሆነ እርምጃ ድረስ ያሉት የምንጣፉ ፒክስሎች በሙሉ ምልክት አግኝተዋል እንበል። ከእነዚያ በአንድ እርምጃ የሚርቅ ፒክስል እንውሰድ። ከመነሻው ወደ እሱ በሚወስደው አጭር መንገድ ላይ፣ ከእሱ በፊት ያለው ጎረቤቱ በአንድ እርምጃ ይቀርባል። ስለዚህ ያ ጎረቤት ምልክት አለው። ምልክት ያለው ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ዝርዝሩ ባዶ እስኪሆን ስለምንሠራ ተራው ይደርሳል። ተራው ሲደርስ ጎረቤቶቹን እናያለን። እንግዲያው ይሄኛውም ምልክት ያገኛል። በዚህ መንገድ ምንጣፉ የቱንም ያህል ቢሰፋ አንድም አይቀርም።

ይሄን ጽፌ ለጋሼ ሳሳያቸው «ሙሉ ነው» ብቻ አሉኝ። ከዲግሪዬ ቀን ያላነሰ ደስታ ነበር የተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ዲስክሪት ማቲማቲክስ ተከፈተልኝ። አልጎሪዝም ስማር የሚያስፈልገኝ ጥያቄ እነዚያው ሁለቱ ሆኑ፦ ያልቃል ወይ? መልሱስ ሁልጊዜ ትክክል ነው ወይ?

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ሰርተፍኬት መሰብሰብ ይቅርባችሁ። በየሳምንቱ አዲስ ሰርተፍኬት ሊንክድኢን ላይ የሚለጥፉ ልጆች አውቃለሁ፤ ትጋታቸውን አከብራለሁ፣ ጊዜያቸው ግን ያሳዝነኛል። የሊትኮድን (የኮድ ጥያቄ መለማመጃ ድረ ገጽ) መልስ መሸምደድም እንደዚያው ነው። አንድ የራሳችሁ ችግር ያዙ፣ እስከ ማረጋገጫው ድረስ ሂዱበት። ሰዓታችሁን ለሒሳብ ስጡ። ረድኤት አበበን አስቡ፤ አዲስ አበባ አድጋ ሃርቫርድ የተማረችው ሒሳብ ነው፣ ከዚያ ከኮርኔል በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቷን ይዛለች። በ2008 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ ቱሪንግን፣ ያገኘችው ባርባራ ሊስኮቭም የመጀመሪያ ዲግሪዋ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን የያዘ ሰው ከየትም መጥቶ ይገባል።

የዓላማ መግለጫው ጽሑፍ ላይም ያገዘኝ ይሄው ሥራ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ኮምፒውተር እወድ ነበር» የሚል መግቢያ ማንንም አያሳምንም። እኔ በቀጥታ በእምቦጩ ጥያቄ ጀመርኩ። ሪከርሽኑ ለምን እንደወደቀ፣ በምን እንደተካሁት፣ ትክክል መሆኑን እንዴት እንዳሳየሁ በአንድ አንቀጽ ጻፍኩ። ባዮሎጂውን ይቅርታ እንደሚጠየቅበት ነገር አላነሳሁትም፤ ጥያቄውን የሰጠኝ እሱ ነው። ከዚያ ምን እንደሚጎድለኝ በስሙ ጠርቼ፣ እንዴት እየሞላሁት እንደሆነ ገለጽኩ።

የድጋፍ ደብዳቤ አብዛኛው ቦታ ሦስት ይጠይቃል። ሥራችሁን ያየ ሰው ምረጡ። ማዕረጉ ትልቅ ሆኖ ስማችሁን የማያስታውስ ሰው ደብዳቤ ባዶ ነው። ለሚጽፍላችሁ ሰው የሠራችሁትን በአንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ስጡት፣ ቀነ ገደቡን ቀድማችሁ አስታውሱት። ከትራንስክሪፕት ጋር የወሰዳችሁትን የሒሳብና የስታቲስቲክስ ኮርስ ይዘት አብራችሁ ያዙ፤ እኔ ባዮስታቲስቲክስ ውስጥ የተማርኩትን ፕሮባብሊቲ ያሳየሁት በዚያ ነው። የማመልከቻ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ለእኛ ፈተና ነው። ለቅበላ ቢሮው ኢሜል ጽፋችሁ ክፍያውን እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያደርጉታል፣ መጠየቅ ምንም አያስነውርም። ጂአርኢ የሚባለውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የማይጠይቁም ብዙ ናቸው፤ ሳታጣሩ ለፈተናው ገንዘብ አታውጡ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ኮምፒውተር ሳይንስ ከተማሩት የፖሊ ግቢ ልጆች ጋር ስቀመጥ አሁንም ንግግራቸው ይፈጥንብኛል። እነሱ በአራት ዓመት ውስጥ የለመዱትን ቃል እኔ በልቤ ተርጉሜ እስክጨርስ ወሬው አልፏል። ኦፐሬቲንግ ሲስተምና የኮምፒውተር አርኪቴክቸር ገና አልነካሁም። ማስተርሱን ስጀምር ይሄ እንደሚያንገዳግደኝ ይሰማኛል፣ አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ያለ አስተማሪ በራሳችሁ የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ። ከልቤ ነው የምጠይቀው።

እስከዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲስክሪት ማቲማቲክስ አብሮኝ የሚሠራ ሰው እፈልጋለሁ። ሁለት ሦስት ሰው ከተገኘ ይበቃል። በኢንዳክሽን እንጀምራለን። ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።