ከመድረኩ በፊት ያለው ሥራ

በንግግር መኖር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን ደጋግሞ ደርሶኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። አንደበታቸው ርቱዕ ነው፣ ድምፃቸው ያምራል፣ ሰው ፊት መቆም አይከብዳቸውም። መልሴ አዎ፣ ይቻላል ነው። ግን ሰው የሚከፍለን ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ሳይገባን ከጀመርን ብዙ እንደክማለን። ነገሩ ለራሴም ጥርት እንዲልልኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ፈለግኩ።

እኔ እንደማምነው ገንዘቡ የሚከፈለው መድረክ ላይ ከመውጣታችን በፊት ለሠራነው ሥራ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት እነማን ናቸው? ምን አስጨንቋቸዋል? ምን ሰምተው ሰልችቷቸዋል? ይህን ማወቅ ነው ትልቁ ሥራ። አንደበተ ርቱዕ ሰው ሞልቷል። አድማጩን አጥንቶ የሚመጣ ግን ጥቂት ነው። አዘጋጆችም ይህን ልዩነት ቶሎ ይለዩታል።

በንግግር ገንዘብ ማግኘት የቆየ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን እነ ፕሮታጎራስና ጎርጊያስ የሚባሉ የግሪክ መምህራን ንግግር እያስተማሩ ክፍያ ይቀበሉ ነበር። ከጥንቶቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን ሊስያስ ነው። በዚያ ዘመን አቴንስ ውስጥ ባለጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚከራከረው ራሱ ነበር። ሊስያስ ንግግሩን በክፍያ ይጽፍለታል፣ ባለጉዳዩ ያጠናውና በራሱ አፍ ያቀርበዋል። ሊስያስ እስከ ዛሬ የሚደነቀው ለእያንዳንዱ ደንበኛ በጠባዩ ልክ በመጻፉ ነው። ተራው ሰው እንደ ተራ ሰው፣ ቁጡው እንደ ቁጡ ነበር የሚናገረው። ይህ እንዲሆን ከመጻፉ በፊት ስንት ሰዓት ቁጭ ብሎ አዳምጧቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ፍሬድሪክ ዳግላስም አለ። ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 አሜሪካ ውስጥ ናንተኬት ደሴት ላይ በተካሄደ የፀረ ባርነት ስብሰባ ተነስቶ ስለ ራሱ ሕይወት ተናገረ። ወዲያው የማሳቹሴትስ ፀረ ባርነት ማኅበር በተናጋሪነት ቀጠረው። የተቀጠረው ንግግር ስለሚችል ብቻ አልነበረም። የሚያውቀውን ነገር ከእሱ በተሻለ የሚናገርለት ሰው ስላልነበረ ነው። ይህን የማነሳው ብዙ ጀማሪዎች "ስለ ምንም ርዕስ መናገር እችላለሁ" ሲሉ ስለምሰማ ነው። ስለ ምንም ርዕስ የሚናገርን ሰው አስታውሶ የሚደውልለት የለም። "ስለ ሆስፒታል ፈረቃ ሥራ እሷ ትናገር" ወይም "ገበሬዎች ስለሚበደሩት ብድር እሱ ያውቃል" ሲባል ነው ስልኩ የሚጠራው። ለዓመታት የሠራችሁበት፣ የታመማችሁበት፣ ያነበባችሁበት፣ የተከራከራችሁበት አንድ ነገር ይኖራል። እሱን ያዙ።

ወደ ችሎታው ልምጣ። ንግግር በንባብ ብቻ አይለመድም። ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ እስካሁን ያየሁት ጥሩ ቦታ አባላት ተሰብስበው ንግግር የሚለማመዱበት የቶስትማስተርስ ዓይነት ክበብ ነው። ቶስትማስተርስን ራልፍ ስሜድሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1924 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ አና በምትባል ከተማ ነው የመሠረተው። ዛሬ በብዙ አገሮች ክበቦች አሉት። አሠራሩ ቀላል ነው። አዲስ አባል በመጀመሪያ ንግግሩ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ራሱን ያስተዋውቃል። ሰዓት ያዥ አለ። ሰዓቱ ምን ያህል እንደሄደ ለተናጋሪው በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ምልክት ያሳያል። "እእእ" የሚለውን የሚቆጥር ሰውም አለ። እኛ "ማለት ነው"፣ "እንትን"፣ "ምናምን" የምንላቸውም እዚያው ይገባሉ። ሳይዘጋጁ አንድ ሁለት ደቂቃ የሚናገሩበት ክፍለ ጊዜም አለ፤ ርዕሱ የሚሰጠው እዚያው ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የገምጋሚነት ተራ ነው። የሌላውን ንግግር አዳምጦ በሁለት ሦስት ደቂቃ የተሳካውንና ያልተሳካውን መንገር። መጀመሪያ ላይ ይህ ክፍል ለተናጋሪው ጥቅም የተቀመጠ ይመስል ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ የሚማረው ገምጋሚው ነው። አንድ ታሪክ የቱ ጋ እንደተንዛዛ፣ አድማጩ የቱ ጋ ስልኩን እንዳወጣ፣ የቱ ጋ ደግሞ ሁሉም ቀና እንዳለ ለማየት ዓይኑ ይለምዳል። እንዲህ ሰው ማየት የለመደ ዓይን በኋላ የራስን ንግግር ሲያርም ይጨክናል። ክበብ የማታገኙ ካላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። ዋናው ነገር እየተፈራረቁ መናገር፣ ሰዓት መያዝና ሳይሸነጋገሉ መነጋገር ነው።

ቤት ውስጥ የማደርገው ልምምድ ይህን ይመስላል። በስልኬ ራሴን እቀርጻለሁ። ከዚያ ምስሉን ሳላይ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ችኮላና መንተባተብ እዚያ ላይ ይጋለጣል። በሌላ ጊዜ ድምፁን ዘግቼ ምስሉን አያለሁ። እጄ ምን እንደሚሠራ፣ ዓይኔ የት እንደሚሸሽ ያኔ ይታያል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ትኩረት ስለሚከፋፍል አልመርጠውም። ሌላም ነገር ልጨምር። በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ተናገሩ የሚለው ምክር አብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተሰላ ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነውና በዚያ ልክ ብትቆጥሩ አድማጩን ታጣድፉታላችሁ። የራሳችሁን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ሰዓት ያዙ፣ የራሳችሁን ልክ እወቁ።

ስለ ፍርሃት ብዙ አልጽፍም፤ ብዙ ተጽፎበታል። ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይርዳል። ሰውነት ሲደነግጥ የሚያመነጨው አድሬናሊን ሥራውን እየሠራ ነው። አሊሰን ውድ ብሩክስ የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው ጥናት አለ። ከንግግር በፊት ለራሳቸው "ልረጋጋ" ካሉት ይልቅ "ጓጉቻለሁ" ያሉት የተሻለ ተናገሩ። እኔ የማደርገውም ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት፤ አድማጩን ያወቅሁት ቀን ፍርሃቴ ይቀንሳል። የማላውቀው ሰው ፊት መቆምና ጭንቀቱን የነገረኝ ሰው ፊት መቆም አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ጊዜ ከአንድ ድርጅት ተደወለልኝ። ለሠራተኞች ዓመታዊ ስብሰባ ስለ ለውጥ እንድናገር ነበር። "ለውጥን በደስታ መቀበል የሚል ርዕስ ቢሆንልን" አሉኝ አስተባባሪዋ። ንግግሩ ነበረኝ። ቀኑን ይዤ ዋጋ ነግሬ ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። ግን ሁልጊዜ የምጠይቀውን ጠየቅኋቸው።

"ባለፉት ወራት እናንተ ጋ ምን ተፈጠረ?"

ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ፣ "እውነቱን ልንገርዎት፣ ብዙ ሰው ከሥራ ተቀንሷል" አሉኝ። የቀሩት ሠራተኞች የሄዱትንም ሥራ ደርበው ይሠራሉ። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ቀጣዩ ማን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

እነዚህ ሰዎች ፊት ቆሜ "ለውጥን በደስታ ተቀበሉ" ብላቸው ምን ይሰማቸው ነበር? አስተባባሪዋን ከሠራተኞቹ መካከል ሁለት ሦስት ሰው እንዲያገናኙኝ ለመንኳቸው። በየተራ አወራኋቸው። ያዘኑት ስለ ሥራ ብዛቱ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን በተለይ የቆጫቸው ሌላ ነበር። ጓደኞቻቸው ሲሄዱ አንድም የመሰነባበቻ ቃል አልተነገረም። አንዱ፣ "ጠዋት መጣን፣ የሉም፤ ስማቸውንም የሚያነሳ የለም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ንግግሩን እንዴት እንደምጀምረው ገባኝ። አስተባባሪዋንም አስፈቀድኩ። ቀላል ፈቃድ አልነበረም፤ ከአለቆቻቸው ጋር ተነጋግረው ነው የሰጡኝ።

ንግግሩ ሲጀመር ራሴን አላስተዋወቅሁም። "ከእናንተ ጋር ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ዛሬ እዚህ የሉም። ከእነሱ እንጀምር" አልኩ። ከዚያ አጠገባችሁ ላለው ሰው ከሄዱት ስለ አንዱ ንገሩት አልኳቸው። አዳራሹ ተንጫጫ። ያለቀሱም ነበሩ። ስለ ለውጥ የምለው ነገር ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፤ የመጡትም ጥያቄዎች እውነተኛ ጥያቄዎች ነበሩ። በዚያ ቀን ያደረግሁት የአንደበት ጥበብ ጥቂት ነው። አንድ ጥያቄ በስልክ ጠይቄ መልሱን እስከ መጨረሻው መስማቴ ነው የጠቀመኝ።

ስለዚህ ከአዘጋጆች ጋር የማደርገውን የስልክ ውይይት ከምንም አላሳንሰውም። ከእኔ በፊት ማን ይናገራል? ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እዚያ ቤት እንዳይነሳ የሚፈለግ ነገር አለ? በማግሥቱ ሥራ ሲገቡ ምን እንዲያደርጉ ትፈልጋላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልስ አዘጋጅ ካገኘሁ ንግግሩ ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ሊያስከፋ የሚችለውን ነገር አስቀድሞ ማወቅም ትልቅ እፎይታ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ታዋቂነትና ክፍያ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቴድ የሚባለው ታዋቂ ዓለም አቀፍ የንግግር ዝግጅት እንኳን መድረኩ ላይ ለሚቆሙ ተናጋሪዎች ክፍያ አይሰጥም። ለጀማሪ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ትልቁ የመክፈቻ ንግግር አይደለም። ዎርክሾፕ፣ ስልጠና፣ መድረክ መምራት፣ ውይይት ማወያየት ይቀድማሉ። በነፃ መናገርም ነውር የለውም፤ ግን ምላሽ ይኑረው። ሙሉውን የተቀረጸ ቪዲዮ፣ የምስክርነት ደብዳቤ፣ ሊጠሩኝ ከሚችሉ ሰዎች ጋር መተዋወቅ። እነዚህን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ቪዲዮው በተለይ ወሳኝ ነው። አዘጋጅ የሚወስነው ስንናገር አይቶ ነው።

ዋጋ ስትጠየቁ ቁጥሩን ተናገሩና ዝም በሉ። ማብራሪያ፣ ይቅርታ፣ "ግን መነጋገር እንችላለን" ማከል አያስፈልግም። ለዝግጅት የሚፈጀውን ሰዓት ደምሩበት። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ቀኑ፣ የንግግሩ ርዝመት፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ ፕሮግራሙ ቢሰረዝ የሚሆነው፣ የጉዞና የማደሪያ ወጪው፣ ቪዲዮውን ማን እንደሚጠቀምበት ይጻፍ። ቃል ብቻ ይዤ ተናግሬ ገንዘቡ ሳይከፈለኝ የቀረበት ጊዜ አለ። አሁን ቅድሚያ ክፍያ ሳይገባ ቀን አልይዝም። ሥራ የሚያገናኙ ወኪሎችም አሉ። ከክፍያው ከ20 እስከ 30 በመቶ መውሰድ የተለመደ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ይደነግጣል፤ ባያመጡት ኖሮ የማይገኝ ሥራ ከሆነ ግን ተገቢ ነው እላለሁ። መደበኛ ሥራችሁን በችኮላ አትልቀቁ። ለቀጣዮቹ ወራት የተያዙት ቀናት ኑሯችሁን መሸፈን ሲጀምሩ ያኔ አስቡበት።

አዲስ ንግግር በየጊዜው መጻፍም አያስፈልግም። አንድ ጥሩ ንግግር ይዞ ለተለያየ አድማጭ ደጋግሞ ማቅረብ ነው የሚያበስለው። አጥንቱ አንድ ነው። መግቢያው፣ ምሳሌዎቹና መዝጊያው ግን ከእያንዳንዱ የስልክ ውይይት በኋላ ይቀየራሉ።

ንግግሩ ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለአዘጋጆቹ እደውላለሁ። ጭብጨባው እዚያው ቀን ያልቃልና እሱን አልጠይቅም። "ሰዎቹ አሁንም የሚያነሱት ነገር አለ?" እላለሁ። አንዳንዶቹ የዳር ምሳሌ ያልኩትን ታሪክ ይነግሩኛል። ዋና ነጥብ ብዬ የደከምኩበትን ደግሞ የሚያነሳ አይኖርም። ቀጣይ ሥራም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ስልክ ነው። የነገሩኝን እጽፋለሁ። የትኛውም አዘጋጅ ያላነሳልኝን ክፍል ከንግግሩ አወጣዋለሁ፣ የቱንም ያህል ብወደው።