መጀመሪያ የት ይደር?

«ሱሱን ለምን አይተዉትም?» ነርስ መሆኔን ያወቀ ሰው ሁሉ ስለ ጎዳና ልጆች የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ዛሬ ለገሃር አካባቢ የሚያድር አንድ ልጅ መልሱን ሰጠኝ። ቁስሉን ካጠብኩለት ወዲህ «ሲስተር» ነው የሚለኝ።

«ሲስተር፣ እሷን ካልሳብኩ ብርዱ አያስተኛኝም።»

የሃይላንድ ጠርሙሷን ጃኬቱ እጅጌ ውስጥ ይደብቃታል። ታች ቢጫ ማስቲሽ ተጋግሯል። እያወራን በመሃል ጎንበስ ይልና በእጅጌው በኩል ይስባል። የጫማ ማጣበቂያ እኮ ነው! ውስጡ ያለው ቶሉይን የሚባል ኬሚካል ቶሎ አናት ላይ ይወጣል፤ ረሃቡንም ብርዱንም ፍርሃቱንም ያደነዝዛል። ሲቆይ አንጎልና ኩላሊት ይጎዳል፣ አንዳንዴም ልብን በድንገት ያቆማል። ነገርኩት። ምንም አልመሰለውም።

ለሄሮይን ሜታዶን አለ። ለማስቲሽ ግን እንዲህ ያለ ምትክ መድኃኒት የለም። ምግብ፣ እንቅልፍ፣ የሚያዋራ ሰው፣ ከዚያ ትዕግሥት ነው። አረቄ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዕድሜውን ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። በሐኪም ክትትል፣ ዳያዜፓም በሚባል ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 እየታገዘ ነው መተው ያለበት። በረንዳ ላይ የተኛን ሰው «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው» የሚሉ መካሪዎች በጣም ያናድዱኛል።

ሕክምናውስ አለ፤ አማኑኤል ሆስፒታል ሱስ ይታከማል። ግን ታክሞ ሲወጣ የት ይገባል? ያው በረንዳ፣ ያው ጓደኞች፣ ያው የሐምሌ ዝናብ። ሀራራው በዚያው ማታ ይቀሰቀሳል።

ኒውዮርክ ውስጥ ሳም ጸምበሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1992 ነገሩን ገለበጠው። «መጀመሪያ ሱስህን ተው» ሳይል ጎዳና ለሚያድሩ ሰዎች ቤት ሰጠ። አብዛኞቹ ቤታቸው ውስጥ ጸኑ። ቤት ብቻውን ሱስ አላጠፋም፣ ይህም ይነገር። ቢሆንም በር ቆልፎ የሚያድር ሰው መድኃኒቱ አይሰረቅበትም፣ ለቀጠሮም ይገኛል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኛ ጋ በቤት ኪራዩ ደሞዝተኛውም እያለቀሰ ስለሆነ ቤት ስጡት ብል ይሳቅብኛል። የአዳር አልጋ ግን ይታሰባል። ነገ ሶሻል ወርከሯን አናግራታለሁ። አልጋው ለሁለት ሰው መሆን አለበት፤ ልጁ ጓደኛውን ጥሎ እንደማይሄድ ቁርጡን ነግሮኛል።