ስኩዊዱ ሲጠቀለል

ሆንግ ኮንግ በገባሁበት ቀን ማታ ቴምፕል ስትሪት ወረድኩ። ካውሉን ውስጥ ያለ የማታ ገበያ ነው። ምግብ ቤቶቹ ጠረጴዛቸውን መንገድ ላይ ደርድረዋል፤ ሁሉም ሞልቷል። ብቻቸውን ቢራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ጋ ተዳብዬ ተቀመጥኩ። እዚያ ከማያውቁት ሰው ጋር ጠረጴዛ መጋራት ነውር አይደለም።

ሜኑው ላይ አንዱን ፎቶ ጠቁሜ "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው። ስኩዊድ ነበር፤ አጥንት የሌለው፣ ባለ ብዙ እጅ የባሕር እንስሳ።

"ቻው ያው ዩ።"

መሃሉ ላይ የኛው "ያው" ስላለ አፌ ላይ አልከበደም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሳቁ።

"አለቃህ እንዲህ እንዳይልህ ጸልይ" አሉኝ በእንግሊዝኛ። ቃሉ በካንቶንኛ፣ በሆንግ ኮንግ ሰዎች ቋንቋ፣ ስኩዊድ መጥበስ ነው። ከሥራ ማባረርም ነው።

ምን አገናኛቸው? በእጃቸው ወደ ምድጃው አሳዩኝ። አብሳዩ ነጩን ሥጋ በቢላ መስቀለኛ ጫር ጫር አድርጎ የጋለው መጥበሻ ላይ ጣለው። ጠፍጣፋው ቁራጭ መጀመሪያ ጠርዙን አነሳ። ከዚያ ጥቅልል አለ፣ ልክ እንደ ሰሌን። ድሮ ሠራተኛ አሠሪው ዘንድ ሲያድር ምንጣፍና ብርድ ልብሱን ይዞ ይመጣ ነበር። ሲባረር ጠቅልሎ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው።

እኛም "ጓዝህን ጠቅልል" እንላለን አልኳቸው። ደስ አላቸው። "ጓዝ" ማለት ግን አቃታቸው።

እኔም አንድ ጊዜ ተጠብሻለሁ። አርብ ከሰዓት፣ በስልክ መልእክት። ጓዜ አንድ ስኒና አንድ ቻርጀር ስለነበር የሚጠቀለል እንኳ አልነበረውም። ይህን ስነግራቸው ሌላ ቃል አስተማሩኝ፤ "ቻው ሎ ባን"፣ አለቃን መጥበስ። በገዛ ፈቃድ ሥራ ጥሎ መውጣት ማለት ነው። እሳቸው ሁለት አለቃ ጠብሰዋል። ሲናገሩት ኩራታቸው ያስታውቃል።

ያዘዙት ስኩዊድ መጣ። አንዱን ጥቅልል በቾፕስቲክ አንስተው እንደ ጉርሻ ዘረጉልኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ እንደማልበላ ነገርኳቸው።

"ይገባኛል" አሉ፣ "አንዴ የተጠበሰ ሰው ይፈራል።" ብለው ራሳቸው ጎረሱት።