ለስድስተኛው ሰው አልጋ ሳትይዙ ባሕር ዳር አትግቡ

ባሕር ዳር ለአራትና ለአምስት ሰው ክፍል ማግኘት ቀላል ነው። ጣጣው የሚጀምረው በቤተሰቡ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ሲጨመር ነው። እኛ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሰው አስጠንቅቆን ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ንዴት አይደርስብንም ነበር። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እኔና ባለቤቴ ሦስት ልጆች አሉን። በ2011 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ሲዘጋ፣ ልጆቹን ጣናን ልናሳያቸው ተነሣን። የእናቴን ታላቅ እኅት እታለምንም ይዘን ሄድን። እታለም ሰባውን አልፈዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይወጡም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎጃም ኖረው ጣናን አይተው አያውቁም። ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ያለችውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ስም ግን ከአፋቸው አይለዩም። ጉዞው የልጆቹ ነው ብንልም፣ በእኔ ልብ የእርሳቸው ነበር።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለም። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ እያለ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የወጣነው ጥር 23 ነበር። በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ያጌጠው ፈረስ ሲሰለፍ ማየት ደስ ይላል፤ ልጆቼ ከመኪናው አንወርድም ወይ እያሉ አለቀሱ። ነገር ግን ለአላፊ መንገደኛ ሰዓት ይበላል። በዚያ ቀን እንጅባራ አድራለሁ ብሎ ክፍል መፈለግም የሚታሰብ አይደለም። ባሕር ዳር የደረስነው መሽቶ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልምጣ።

ከመሄዳችን በፊት ለሆቴሉ ደውዬ ነበር። ጣና ዳር ካሉት አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሪሴፕሽን ላይ ላለችው ልጅ በግልጽ ነገርኳት። "ስድስት ነን። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ ትልቅ ሰው። እርሳቸው ደረጃ አይወጡም" አልኳት። "ችግር የለም። ፋሚሊ ሩም አለን። ለእንግዳዋ ኤክስትራ ቤድ እናስገባለን። ሊፍትም አለ" አለችኝ። ቀብድ በባንክ አስገቡ ተባልን፤ አስገባን። ደረሰኙን ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። "ደርሶናል" ብላ መለሰች።

ስንደርስ ሪሴፕሽኑ ላይ ሌላ ልጅ ነበር። መዝገቡን አየና "ለአምስት ሰው ነው የተያዘው" አለ። መብራት ጠፍቷል። ጀነሬተሩ አምፖል ያበራል እንጂ ሊፍቱን አያንቀሳቅስም። ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እታለም የባለቤቴን ትከሻ ተደግፈው፣ በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ።

በሩ ሲከፈት አንድ ሰፊ አልጋ፣ አንድ ጠባብ አልጋና አንድ ሶፋ አየን። ፋሚሊ ሩም የሚሉት ይህንን ነው። ኤክስትራ ቤድ የተባለውም አልጋ አይደለም። ስስ ፍራሽ አምጥተው በአልጋውና በመታጠቢያ ቤቱ በር መካከል ወለሉ ላይ ዘረጉት። ሌሊት ሽንት የሚይዘው ሁሉ እታለምን ተሻግሮ ሊያልፍ ነው።

"እኒህ ሰው ወለል ላይ አይተኙም" አልኩት የሪሴፕሽኑን ልጅ። "እኅቴ፣ የሆቴሉ አሠራር ነው" አለኝና ማናጀሩን በስልክ አገናኘኝ። ማናጀሩ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ፣ "ትንሹ ልጅ ከእናንተ ጋር ይተኛ፣ እንግዳዋ ጠባቡን አልጋ ይያዙ" አለ። ሁለቱ ትልልቆቹስ? ሴቷ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ 11። አንድ ሶፋ ላይ ሊተኙ ነው? "ለአንድ ሌሊት ምን አለበት" አለኝ። እስከ ዛሬ የምታበግነኝ ይህች ቃል ናት። ሆቴል የሚሸጠው ሌሊት አይደለም ወይ? ሌላ ምን ልንገዛ ነው ገንዘባችንን የላክነው?

ይህን ሁሉ እታለም ቆመው ይሰማሉ። "ተይው የኔ ዓለም፣ ፍራሹ ይበቃኛል። በእኔ የተነሣ አትጣሉ" አሉኝ። የእኛ አገር ትልቅ ሰው እንግዳ ሲሆን ለራሱ አይጠይቅም። አስቸግሬ ይሆን እያለ ይጨነቃል እንጂ ተቸገርሁ አይልም። ይሉኝታቸው ለሆቴሉ ተመቸው። እርሳቸው እሺ ካሉ እኛም ዝም እንላለን ብሎ የሪሴፕሽኑ ልጅ ሊወጣ በሩን ያዘ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። እንዲያ በመሆኔም እኮራለሁ።

"ግራውንድ ላይ ክፍል አለ ወይስ የለም?" ብዬ ደግሜ ደጋግሜ ጠየቅሁ። ለካስ ነበረ! ባለ ሁለት አልጋ፣ ባዶ ክፍል፣ ከሪሴፕሽኑ አጠገብ። ስንገባ ያለፍነው በር ነው። "ግን ሙሉ ዋጋ ለብቻው ይከፈላል" አለ። እታለም ያንን ሁሉ ደረጃ ከመውጣታቸው በፊት ይህን ለመናገር ምን ከለከለው? ሙሉውን ከፈልን። እታለም በዚያው በታመመ ጉልበት እንደገና ወረዱ። ሴቷ ልጄ አብራቸው ተኛች።

ማግስቱ ዓርብ ነበር። ቁርስ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ተካቷል። የእታለም ክፍል ግን በአንድ ሰው ስለተመዘገበ የተሰጠው የአንድ ሰው ኩፖን ነው። የልጄን ቁርስ ከፈልን። የጾም ምግብም ያዘጋጁት ለምነን ነው። ዓርብ ቀን፣ ባሕር ዳር ላይ!

አሜሪካ የምትኖር እኅቴ ይህንን ስነግራት ገረማት። እርሷ ከባሏ ቤተሰብ ጋር በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ተጉዛ ታውቃለች። መርከብ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሰው ቁጥር ነው አለችኝ። የክፍሉ ዋጋ የሚሰላው በሁለት ሰው ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ከግድግዳው ወይም ከጣሪያው በሚወርድ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ብዙ ጊዜም ያነሰ ይከፍላል። አንዱ ክፍል የሚይዘው ሰው ከተወሰነ በላይ አንድም አይጨመርም። በዚያ ላይ የሕይወት አድን ጀልባዎቹ የሚይዙት ሰው ስለሚቆጠር፣ አልጋ ተርፎ እንኳ ተጨማሪ ሰው አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ። ቤተሰቡ ሲበዛ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ይያዛሉ። ለትልቅ ሰው ደግሞ ሊፍት አጠገብ፣ የመርከቡ ወገብ ላይ፣ ዝቅ ያለው ፎቅ ይመረጣል፤ እዚያ መናወጡ ይቀንሳል። እንግዳን አስቀድሞ መቁጠር ማለት ይህ ነው። የእኛዎቹ "ችግር የለም" ይላሉ፤ ችግሩን ሌሊት ለእኛ ይተዉልናል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሆቴሎቹ ከሚሉት ይለያል። አንድ ትልቅ ሰው ከተጨመረ ፋሚሊ ሩም አትያዙ። ይረክሳል ይሏችኋል፤ እኛ ግን የማታ ማታ የሁለት ክፍል ከፍለናል። ከመጀመሪያው ሁለት ተራ ክፍል ያዙ። የውስጥ በር ያላቸው ከተገኙ ጥሩ፤ ካልሆነ ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት ይሁኑ። "ለስንት ሰው ይሆናል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "ስንት አልጋ አለው?" በሉ። ኤክስትራ ቤድ ካሏችሁ እግር ያለው አልጋ ነው ወይስ ፍራሽ ብላችሁ አፍረጥርጡት። ሊፍት አለ ሲሏችሁ ደስ አይበላችሁ፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ያንቀሳቅሰው እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግራውንድ ነው። ሐይቁ የሚታይበት ክፍል ብለው ዋጋ ይጨምሩባችኋል፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ግን አትክልቱ ውስጥ ወንበር አውጥቶ ሐይቁን ማየት ይበልጥበታል።

ቀብዱን ቶሎ አስገቡ የሚሉትንም እኔ አልቀበልም። የክፍል ቁጥር፣ የሰው ብዛትና የቁርስ ብዛት በጽሑፍ ካልተላከላችሁ ብር አትላኩ። ጥምቀት ሰሞን ክፍል ስለሚጠብብ አስቀድሞ መክፈል ግድ ይሆናል። ያኔም ቢሆን ጽሑፉ ይቅደም።

ጀልባው በደንብ ተሳካልን፤ ከሆቴሉ በኋላ ዐይኔ ተገልጦ ነበርና። ያነጋገርነው ሰው "ትንሿ ጀልባ ትበቃችኋለች፣ ትንሹን ልጅ እቅፍ ታደርጉታላችሁ" አለን። አይሆንም ብለን ትልቋን ያዝን። ለስድስታችንም ላይፍ ጃኬት መኖሩን፣ ለትንሹ በልኩ መሆኑን አይተን ነው የተሳፈርነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ጣና ጠዋት ይረጋጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ትልቅ ሰውን ያስጨንቃል።

ካፒቴኑ ያቀደልን ሐይቁ ውስጥ ካሉት የደሴት ገዳማት አንዱ በሆነው በክብራን ገብርኤል ሊጀምር ነበር። ክብራን ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ከስድስታችን ሦስታችን ሴቶች ነን። ደንቡን እናከብራለን፤ ነገር ግን ከመውጣታችን በፊት ሊነግሩን ይገባ ነበር። በቀጥታ ወደ ዘጌ ሂድ አልነው። አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መጀመሪያ አዝዋ ማርያምን ተሳለምን፤ ለወደቡ ቅርብ ስለሆነች ለእታለም ተመቸች። ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ያስኬዳል። አይችሉም ብዬ ፈርቼ ነበር። በመቋሚያ፣ ጥላ ሲያገኙ ቁጭ እያሉ ደረሱ። የመቅደሱን ሥዕል እያንዳንዱን ለልጆቹ እየተረጎሙ አሳዩአቸው። ከአስጎብኚው ይልቅ ልጆቼ እርሳቸውን ነው የሰሙት።

እታለም አሁን ናርጋ ሥላሴን ካላየሁ ይላሉ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ ሴትም ይገባል። በጀልባ ግን ከባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ መመለሱም ሌላ ያህል። ከዘጌ ጋር በአንድ ቀን ደርበን እንውሰዳችሁ የሚሉ አሉ። ከትልቅ ሰው ጋር እሺ እንዳትሉ። ለናርጋ ቀኑን ሙሉ ስጡት፤ ጎህ ሲቀድ ውጡ፤ ጀልባዋም ጥላ ያላት ትሁን።