የጅረት ዳር ግቢን ማልማት ከቤት ቧንቧ ይጀምራል

ከእንጦጦ የሚነሱት ቀበናና ግንፍሌ ወደ ትልቁ አቃቂ ገብተው በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽን ይቀላቀላሉ። ከተማውን ሲያቋርጡ የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ይሸከማሉ። በዚህ ውሃ የለማ ቆስጣና ሰላጣ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ቅጠላ ቅጠል እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን ይስባል፤ ብረት ደግሞ ተቀቅሎ አይጠፋም። ስለዚህ 20 ሰው በሚኖርበት የጅረት ዳር ግቢ ስንሠራ ከወንዙ አንድ ባልዲ ውሃ ላለመቅዳት፣ አትክልቱንም በተጣራ የቤት እጥበት ውሃና በጣሪያ ውሃ ለማጠጣት ወስነን ነው የተነሣነው።

መጀመሪያ ቧንቧ ለየን። በየማጠቢያው ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ እየደፋን ዳርቻው ላይ በየት እንደሚወጣ አየን። ሽንት ቤቱ ወደ ሴፕቲክ ታንክ፣ የእጥበት ውሃው ብቻውን ወደ ማጣሪያ ሄደ። ሁለቱ ተቀላቅለው ከቀሩ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ማጣሪያው 10 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የጠጠር አልጋ ነው። ወለሉ ከመግቢያ እስከ መውጫ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። አፈሩ ዋልካ ስለሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ኮንክሪት ቢደረግበት አብሮ ይሰነጠቅ ነበር። ስለዚህ ዋልካውን ከሥሩ ቆፍረን አውጥተን ገረጋንቲ ጠቀጠቅንና ጂኦመምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ አነጠፍን። በሁለቱ ጫፍ ግማሽ ግማሽ ሜትር ትልልቅ ድንጋይ፣ መሐሉ በደንብ የታጠበ፣ 02 የሚባለው የግንባታ ጠጠር። መታጠቡን ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም፤ የድንጋይ ዱቄቱ ከሥር ተጋግሮ ውሃው ላይ ላዩን ይሄዳል። ፊላና ደንገል በካሬ ሜትር አራት አራት ተከልን። መውጫው ላይ የሚዞር ክርን ቧንቧ አለ፤ ተክሎቹ ሥር እስኪይዙ ውሃውን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል፣ ከዚያ ውሃው ከጠጠሩ ገጽ 10 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። ገጹ ደረቅ ከሆነ ሽታም ትንኝም የለም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር የእጥበት ውሃ ሲታሰብ በቀን 800 ሊትር ይገባል። በጠጠሩ ክፍተት ውስጥ 5,000 ሊትር ያህል ስለሚያዝ ውሃው ስድስት ቀን ገደማ ይቆያል።

አልጋው የሚደፈነው ሁልጊዜ ከመግቢያው ነው፤ ምክንያቱም የወጥ ቅባትና የምግብ ትርፍራፊ። ባለ ሁለት ክፍል የቅባት ማጥመጃ ከፊቱ ሠርተን በየሁለት ሳምንቱ ክዳኑ ተከፍቶ ላይ የረጋው ነጭ ቅባት ይጠፈፋል። ይህን ሥራ በስሙ የሚይዝ ሰው ካልተመደበ ባይጀመር ይሻላል። ሌላው ችግር ኦሞ ነው። በውስጡ ያለው ሶዲየም በአፈር ሲጠራቀም ገጹ ይጋገራል፣ የቅጠል ጠርዝ ይቃጠላል። የክረምቱ ዝናብ አጥቦት እንዲወርድ የአትክልት መደቦቹ ከሥር ውሃ ማውጫ ያስፈልጋቸዋል።

የጎርፉን ከፍታ ለማወቅ ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል ይበቃል፤ ያለፈው ክረምት ውሃ የደረሰው እዚያ ድረስ ነው። ማጣሪያውም መደቡም ከዚያ በላይ ተቀመጠ። ከታች ያለው ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታጠረ የድንጋይ ግድግዳ) እግሩ ከወንዙ ወለል በታች ካልገባ ውሃው ሥሩን ቦርቡሮ ይጥለዋል፤ ከጀርባው ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚይዝ ጨርቅ) ካልተደረገም አፈሩ በድንጋዮቹ መሐል ሾልኮ ያልቃል። ተዳፋቱ ላይ ቬቲቨር የሚባለው ሥረ ጥልቅ ሣር በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በክረምት መግቢያ ይተከላል። በጋ የተተከለ አይይዝም።

ጎርፍ የነካው አፈር የወንዙን ብረት ይዟል፤ አይታረስም። መደቦቹ ከሥር ተለይተው በ40 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ አፈርና ኮምፖስት ተሞሉ። የተጣራው ውሃ ለአቮካዶ፣ ለኮክና ተቀቅሎ ለሚበላ ጎመን፣ ከጉዝጓዝ ሥር በጠብታ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ጥሬ ለሚበላ አትክልት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ1,000 ያልበለጠ የሰገራ ኮሊፎርም (የሰገራ ብክለት የሚታወቅበት ባክቴሪያ) ብሎ ነበር፤ የጠጠር አልጋ ብቻውን ወደዚያ መውረዱ አያስተማምንም። ስለዚህ ሰላጣና ካሮት የጣሪያ ውሃ ብቻ ያገኛሉ። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት ከ90,000 ሊትር በላይ ያወርዳል፤ ችግሩ አብዛኛው በክረምት መውረዱ ነው። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ 40 ካሬ ሜትር መደብ፣ በቀን በካሬ ሜትር አምስት ሊትር ሒሳብ፣ የሚያጠጣው 50 ቀን ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ቢቆጠር ታኅሣሥ ሳያልቅ ይደርቃል። ለሰላጣ ያሰብነውን መደብ ወደ 10 ካሬ ሜትር ዝቅ ያደረግነው ለዚህ ነው።