ጣናን ከዳር ሆኖ መልመድ

ፊንላንድ 11 ዓመት ኖሬአለሁ። ሐይቅ በሐይቅ የሆነ አገር ነው። በበጋ ሰው ከሥራ እንደወጣ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ በክረምት እንኳ በረዶውን ቀደው የሚገቡ አሉ። ባህር ዳር ሥራ ሳገኝ ደመወዙን በቅጡ ሳልጠይቅ እሺ ያልኩት ለጣና ስል ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወረድኩ። የደንገል ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ አቁመው የሚያደርቁ አንድ አባት አዩኝ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ልዋኝ ነው አባባ።»

አልሳቁም። ሣሩን በእጃቸው አሳዩኝ። በማጭድ የታጨደ ይመስላል። መሃሉን ሰፊ ዱካ ሰንጥቆት ወደ ውሃው ይወርዳል።

«ጉማሬ ነው። ሌሊት ወጥቶ ይግጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል። በሱና በውሃው መሃል ከተገኘህ አለቀልህ።»

እኔ ግን ብልጥ ነኝ። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ልጆች የሚንቦጫረቁበት ጥግ ፈለግኩ። ሰው ከበዛበት ጉማሬ አይመጣም ብዬ። ሰዓቱንም መረጥኩ፤ ጠራራ ፀሐይ፣ 6 ሰዓት። አራት ቅዳሜ ዋኘሁ።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆነኝ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ሰገራዬ ላይ ደም ሳይ ደነገጥኩ። ነርሷ ገና ሳልመረመር «ጣና ገብተሃል?» አለችኝ። ውጤቱ ቢልሃርዚያ ነበር። ለካ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ነው፤ ዳር ዳሩን፣ ሣር ውስጥ ይኖራል። ትሉ ከሱ ይወጣና የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በብዛት የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ ሲከር ነው። ስድስት ሰዓት! መድኃኒቱ፣ ፕራዚኳንቴል፣ በኪሎዬ ተሰልቶ ተሰጠኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያዞረኝ ዋለ።

ቤት ውስጥም ያው ሞኝ ነበርኩ። አንድ ማታ ግድግዳው ላይ እንሽላሊት አይቼ ጫማ ወረወርኩ። አከራዬ ድምፁን ሰምተው መጡ። «ተዋት እንጂ! ትንኙን የምትለቅምልህ እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉና አጎበሬን አዩት። ሙቀቱን ፈርቼ ጠርዙን ክፍት ትቼው ነበር። ፍራሹ ሥር እየወተፉ «ወባ መቼም ሙቀት አትፈራም» አሉኝ። እንሽላሊቷ አሁንም ከመስተዋቱ ጀርባ ናት፤ ማታ ማታ አያታለሁ።

ባለፈው እሁድ በጀልባ ወደ ዘጌ ስንሄድ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እጁን ውሃው ውስጥ ነከረ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ያለነው መሃል ሐይቁ ላይ ነው፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ ዳር ዳሩን ነው የሚወደው።