ደብረ ብርሃን ላይ 91 ለምን ቀይ ይበራል?

በኮምፒውተር የሚታገዝ የሕክምና ውሳኔ መሣሪያ ሆስፒታል ሲገባ የማንቂያ ገደቦቹም አብረውት ይገባሉ፤ ብዙውን ጊዜ የተሠሩት ለሌላ አገር፣ ለሌላ ከፍታ ነው። ኒውስ 2 የተባለውን የሕመምተኛ መከታተያ ነጥብ እንይ። የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሺያንስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ነው። ሳቹሬሽን (ደም የተሸከመው ኦክስጅን ከመቶ ሲለካ) 96ና ከዚያ በላይ ከሆነ 0፣ 94–95 ከሆነ 1፣ 92–93 ከሆነ 2፣ 91ና ከዚያ በታች ከሆነ 3 ነጥብ ይሰጣል። አንድ መለኪያ ብቻውን 3 ካመጣ ሕመምተኛው በአስቸኳይ ይታይ ይላል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ አርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው 91 ወይም 92 ቢያነብ አይገርምም። ታርማ በርን ወርደን ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ግን፣ ያው ቁጥር የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። ደጋው ላይ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ቀይ ሲያበራ ተረኛዋ ነርስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብትል ጥፋቱ የእሷ አይደለም። አደጋው ግን እውነተኛው 84 ሲመጣም ያው ቀለም መብራቱ ነው።

ገደቡን በግምት ዝቅ ማድረግ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ከ90 በታች ኦክስጅን ከደም የሚለቀቅበት ኩርባ ቁልቁል ነው፣ ማለትም ኦክስጅን ትንሽ ሲቀንስ ሳቹሬሽኑ በፍጥነት ይወርዳል፤ ደገኛው ሕመምተኛ ወደ ገደሉ አፍ ቀርቦ የቆመ ነው። ስለዚህ መለካት ይሻላል፦ ጤነኛ አስታማሚዎችን አምስት ደቂቃ አስቀምጦ፣ እጃቸውን አሙቆ፣ ሕፃናትንና አዋቂዎችን ለየብቻ መዝግቦ፣ ገደቡን የሆስፒታሉ ሐኪሞች በዚያ ላይ ተመሥርተው ይወስኑ። እጅ ማሞቁ እንዲያው ለወግ አይደለም። የደብረ ብርሃን ጠዋት የቀዘቀዘ ጣት ደሙ ስለሚሸሽ ኦክሲሜትሩ (ጣት ላይ የሚሰካው የሳቹሬሽን መለኪያ) ዝቅ ያለ ወይም የሚዘል ቁጥር ይሰጣል። የጥፍር ቀለምና እንሶስላም ያሳስታሉ፤ ጣት መቀየር ወይም የጆሮ መለኪያ መጠቀም ይቻላል። በስክሪኑ ላይ የምቱ ሞገድ እኩል ካልሄደ ቁጥሩን አትመኑት።

ሌላው የማይታሰብ ነገር መብራት ነው። ብዙ ሞኒተሮች ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ወደ ፋብሪካው ገደብ ይመለሳሉ። ነርሷ ሌሊት ያስተካከለችው ሁሉ ጠዋት የለም። መፍትሔው አዲሱን ገደብ የባዮሜዲካል ባለሙያው እንደ መነሻ እንዲያስቀምጠው ማድረግ ነው፤ ከዚያም ሶኬቱን ነቅሎ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቆ፣ መልሶ አስነስቶ ማየት። ይህን ፈተና ያላለፈ ሞኒተር ተስተካክሏል አይባልም።

ኮምፒውተሩ የማይስማሙ መድኃኒቶች አብረው ሲታዘዙ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያም አለ። እዚያ ላይ ዋናው ጥያቄ ለሐኪሙ ምን እንዲያደርግ ይነግረዋል የሚለው ነው። ለኤችአይቪ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ለቲቢ ሪፋምፒሲን ሲጀመርለት «ከባድ መስተጋብር» ብቻ የሚል ሣጥን ሐኪሙ ያለ ንባብ ይዘጋዋል። «50 ሚ.ግ. በየ12 ሰዓቱ ይሁን፤ ሪፋምፒሲን ካበቃ በኋላም ሁለት ሳምንት ይቀጥል» የሚልና በአንድ ነካ ትእዛዙን የሚቀይር ግን ይነበባል። መጠኑ አስቀድሞ እጥፍ ከሆነም ዝም ማለት አለበት። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ጥንዱን ያያል፣ መጠኑን አያይም።

ለሁለት ሳምንት ብቻ ቁጠሩ፦ እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ስንት ጊዜ ወጣ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ትእዛዝ አስቀየረ። ከመቶ ሁለት ሦስቱ ብቻ ከሆነ ከብቅ ባይ ሣጥን አውርዱትና በመድኃኒቱ ስም አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ አድርጉት። ኢናላፕሪልና ፉሮሴማይድ ለልብ ድካም አብረው በታዘዙ ቁጥር ሐኪም ማቋረጥ ለምን ያስፈልጋል? አብረው የሚሰጡት ሆን ተብሎ ነው።

አንዱን ግን በቁጥር አትፍረዱበት። ዕድሜው ከ28 ቀን ያልበለጠ ሕፃን ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር እየወሰደ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ሲታዘዝለት ትእዛዙ ጨርሶ አይለፍ፤ ሁለቱ ተዋሕደው በሳንባና በኩላሊት ይቋጠራሉ። ሪንገር ላክቴት የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ካልሲየም እንዳለው ስለሚረሳ፣ ሣጥኑ የፈሳሹን ስም ራሱ ይጥራ፣ ሴፎታክሲም የተባለውን አንቲባዮቲክም በሴፍትሪያክሶን ምትክ ያቅርብ።